ሰው ሁሉ የገለበጠው ፋይል

የመነጽሬ ክንድ ባይሰበር ኖሮ በዚያ ከሰዓት በኋላ ጋሽ ቆይን ፊት ለፊት አላገኛቸውም ነበር። ላገኛቸውም አልፈልግም ነበር። ከጠዋት ጀምሮ ስማቸው በተነሣ ቁጥር ወሬ ስቀይር ነው የዋልኩት። መነጽር ቤቱ ግን ጠባብ ነው፤ ለደንበኛ ያለው አንድ አግዳሚ ወንበር ብቻ ነው፤ እሱ ላይ ደግሞ እሳቸው ተቀምጠዋል። የመነጽራቸው ሌንስ እየተቀየረ ስለነበር ማን እንደገባ አላዩም። ቀስ ብዬ ልመለስ ስል የመነጽር ባለሙያዋ ከመደርደሪያው ጀርባ ሆና፣ «ወይ ይግቡ ወይ ይውጡ፤ በሩ ተከፍቶ ሲቆይ አቧራው ሌንሴ ላይ ያርፋል» አለችኝ። አፍሬ ገባሁ።

ጋሽ ቆይ የወጣላቸው ስም ነው። እኔ የምመራው ቤተ መጻሕፍት፣ ክሊኒኩ፣ የውሃ መሥሪያ ቤቱና ሌሎችም ብዙ ቤቶች በኮምፒውተሮቻቸው ላይ ፕሮግራም የሚጭኑት እሳቸው በሠሩት መሣሪያ ነው። የሙያው ሰዎች ፓኬጅ ማናጀር ይሉታል፤ እኛ «ጫኚው» እንለዋለን። ፕሮግራም ሲፈለግ ከማከማቻ ፈልጎ ያመጣል፣ ይጭናል፣ ሲያረጅም ያድሳል። ከየት እንደሚያመጣና እንዴት እንደሚሠራ የሚነገረው ደግሞ የማዋቀሪያ ፋይል በሚባል አጭር ጽሑፍ ነው። የዚያን ጽሑፍ ትርጉም የሚያውቁት በዓለም ላይ አንድ ሰው ብቻ ነበሩ። ይህ መስመር ምን ይሠራል ብሎ የጠየቃቸውን ሰው ሁሉ «ቆይ፣ እኔው ልምጣ» ይሉታል። ይመጣሉ፤ በጀርባቸው ይከልሉታል፤ ትንሽ ይነካኩና «ይኸው» ብለው ይሄዳሉ። ያ ሰው ያወቀው ነገር ቢኖር የኮታቸውን የጀርባ ስፌት ነው።

እንግዲህ በዚያን ዕለት ጠዋት የኩባንያቸው የኔትወርክ ተቆጣጣሪ ደንበኞቹን ሁሉ በስልክ ቀሰቀሰን። የእኛም የሌሎቹም ኮምፒውተሮች በየጠዋቱ ፕሮግራም የሚጠይቁት ከኩባንያው ማከማቻ ሳይሆን ከአንድ ግለሰብ ቤት ካለ ኮምፒውተር ነው አለን። የማን ቤት? የጋሽ ቆይ። ይባስ ብሎ፣ ተቆጣጣሪው አድራሻውን አስተካክሎ ሲያበቃ ኮምፒውተሮቹ ተመልሰው ወደዚያው ቤት ሄዱ። እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ወሬው ክንፍ አወጣ፤ ሰውዬው የበሽተኛውን መረጃ፣ የአንባቢውን ስም፣ የውሃ ደንበኛውን አድራሻ ወደ ቤታቸው ሲያስቀዱ ኖረዋል ተባለ። በማግስቱ መርማሪ ፊት እንዲቀርቡ ታዘዙ። ጥፋተኛ ከተባሉ የሚሄደው ሥራቸው ብቻ አይደለም፤ ዕድሜ ልካቸውን ያቆዩት ስማቸውም አብሮ ይሄዳል። እኔም ጠርጥሬአቸዋለሁ። ሰው የሚሠራውን ሲደብቅ ምን ይባላል?

«ማን ነው?» አሉ ዓይናቸውን አጥብበው።

«እኔ ነኝ፤ የቤተ መጻሕፍቱ።»

«እርስዎም ይሸሹኛል ማለት ነው? በር ላይ ቆመው ሲያመነቱ ጥላዎትን አይቻለሁ።»

«ኧረ በጭራሽ! መነጽሬ ተሰብሮ ነው» አልኩና ክንዱ የተነቀለውን መነጽር እንደ ምስክር ወደ ላይ አነሣሁት። ሊያዩት እንደማይችሉ ትዝ ያለኝ ካነሣሁት በኋላ ነው። ባለሙያዋ ከእጄ ላይ ነጥቃኝ ብሎን ፍለጋ ሄደች። መሄጃ ስላልነበረኝ ከወንበሩ ጫፍ ላይ ቂጤን አሳረፍኩ።

ወዲያው በሩ ተከፈተና የእህታቸው ልጅ ኮምፒውተሯን በብብቷ ይዛ ገባች። ይህች ልጅ ትምህርቷን ጨርሳ አጎቷ በሚሠሩበት ኩባንያ በቅርቡ ነው የተቀጠረችው፤ ሥራዋም ፕሮግራሞች እንዴት እንደሚሠሩ ለሰው በሚገባ ቋንቋ ማብራሪያ መጻፍ ነው። አጎቷ ይህን ሙያ ከሥራ አይቆጥሩትም።

«ጋሼ፣ ስልክዎን ለምን አያነሡም? ቤት ብሄድ የሉም፣ ቢሮ ብሄድ የሉም።»

«ማን እንደደወለ ለማየት መነጽር ያስፈልገኛል» አሉ። «ሳላይ ደግሞ አላነሣም። በዚህ ሰሞን ዘመድና ሰላይ ድምፁ አንድ ሆኗል።»

ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ስለገባኝ ልነሣ ብዬ ነበር፤ ልጅቷ ግን፣ «እርስዎም ይቆዩ፤ ነገሩ ይመለከትዎታል» አለችኝና በአጎቷ ሌላ ጎን ተቀመጠች። ከዚያም ዙሪያ ጥምጥም ሳትሄድ ጠየቀች።

«ጋሼ፣ የሰው መረጃ ወስደዋል?»

ባለሙያዋ ያገኘችውን ብሎን መሬት ላይ ጣለችው።

ጋሽ ቆይ ፊታቸው ደም መሰለ። «አንቺ! እጄ ላይ ያደግሽ ልጅ! ጫማሽን ያሰርኩልሽ ሰው ሌባ እመስልሻለሁ?»

«እጅዎ ላይ ስላደግሁ ነው ከጀርባዎ ከማወራ ፊትዎ የምጠይቅዎት። 'አልወሰድኩም' ቢሉኝ ማመን እፈልጋለሁ። ግን ፋይልዎን ዛሬ ሙሉ ቀን ሳነበው ዋልኩና አልገባኝም። ያልገባኝን ነገር ይዤ ነገ መርማሪ ፊት ምን ብዬ እቆማለሁ?»

«አትቁሚ! ማን ቁሚ አለሽ? ገባኝ፤ አሁን ገባኝ። ሥራ አስኪያጁ ነው የላከሽ። 'ከመባረሩ በፊት ጭንቅላቱ ውስጥ ያለውን አራግፊልኝ' ብሎሻል። እውነት አይደለም?»

እኔ ትክዳለች ብዬ ጠበቅሁ። ሰው እንዲህ ሲባል ይክዳል።

«ብሎኛል» አለች። «ቃል በቃል እንዲያ ባይልም፣ ያው ነው።»

ሽማግሌው ደነገጡ። ለመክዳቷ እንጂ ለማመኗ አልተዘጋጁም። «እና አፍ አውጥተሽ ትነግሪኛለሽ?»

«ብደብቅዎት ይሻል ነበር? እሱ የሚፈልገውን ነገርኩዎት። እኔ የምፈልገውን ደግሞ ይስሙኝ። ነገ ጠዋት እዚያ ክፍል ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ፣ የእርስዎን ቃል ሳይለምን፣ ፋይሉን ራሱ አንብቦ እውነቱን እንዲያውቅ ነው የምፈልገው። አሁን እኔ ላንብብልዎት፤ እርስዎ ደግሞ መስመሩ ምን እንደሚሠራ ይንገሩኝ። ከዚህ ወንበር ላይ ያለ መነጽር የትም አይሄዱም።»

«ሌንሱ ይቆያል?» ሲሉ ባለሙያዋን ጠየቁ፤ ማምለጫ ፍለጋ መሆኑ ያስታውቃል።

«ይቆያል ጋሼ» አለች ባለሙያዋ። ሌንሱ ሲያልቅ አይቼዋለሁ፤ ግን ወሬው ጥሟት ነበርና መልሳ ከመሣሪያው ሥር አደረገችው። እኔም ዝም አልኩ፤ ጥሞኛልና።

ልጅቷ ኮምፒውተሯን ጭኗ ላይ ከፍታ ማንበብ ጀመረች። «ምንጭ ይላል፤ ከዚያ የእርስዎ ቤት አድራሻ።»

«ያ የራሴ ነው። ቤቴ ያለው መስመር ቀርፋፋ ነው። እያንዳንዱን ነገር ከኩባንያው ማከማቻ ከማመጣ፣ ቤት ባለው ኮምፒውተር ግልባጩን አስቀምጬ ከዚያ እጭናለሁ።»

«ታዲያ ክሊኒኩ ውስጥ ምን ይሠራል?»

«እኔ ምን አውቄ? የክሊኒኩ ቴክኒሻን ምሳሌ ስጡኝ አለኝ። የራሴን ፋይል ሰጠሁት። ተመልከተው አልኩት እንጂ ገልብጠው አላልኩትም።»

ይህን ጊዜ እኔ ከመቀመጫዬ ብድግ ልል ምንም አልቀረኝ። የእኛ ቤተ መጻሕፍት ቴክኒሻን ፋይሉን ያመጣው ከክሊኒኩ ነዋ! የውሃ መሥሪያ ቤቱ ሰው ደግሞ ከእኛ ነው የወሰደው። ምን እንደሆነ ባናውቅም የሚሠራ ፋይል ነውና አንድ ነጥብ ሳናጎድል ገለበጥነው። ይህንኑ ነገርኳቸው።

«አንዷን መስመር እንኳ አላነሣችሁም?» አሉ ጋሽ ቆይ ወደ እኔ ዞረው።

«ማን ይደፍራል? የቱ ምሰሶ እንደሆነ የቱ ጌጥ እንደሆነ በምን እናውቃለን?»

«ቀጥሎ ደግሞ» አለች ልጅቷ፣ «ደወል፣ ክፍት፣ ይላል።»

ሽማግሌው ሳቅ ቃጣቸው። «እሱ ደግሞ ጭነቱ ሲያልቅ ጢጥ ጢጥ እንዲል ነው። ጎን ካለው ክፍል ጋደም ስለምል እንዲቀሰቅሰኝ ነው ያደረግሁት።»

እኔ ግን አልሳቅሁም። በቤተ መጻሕፍታችን ውስጥ፣ ጸጥታ ይከበር የሚል ጽሑፍ በየግድግዳው በተለጠፈበት ቤት፣ በየጠዋቱ ኮምፒውተሮቹ ሁሉ ጢጥ ጢጥ ይላሉ። ሠራተኞቼ ያ ድምፅ ካልተሰማ ጭነቱ አልተሳካም ብለው ያምናሉ፤ አንዱ ዝም ያለ እንደሆነ አጥፍተው ያበሩታል። በክሊኒኩም ተራ ጠባቂው በሽተኛ ስሙ የተጠራ እየመሰለው ብድግ ይላል ሲባል ሰምቻለሁ። ለካስ ይህ ሁሉ ሕዝብ የሚነሣውና የሚቀመጠው ጋሽ ቆይ ከሸለብታቸው እንዲነቁ ነው! ይህን ስናገር ባለሙያዋ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ወደ ጓዳ ገባች።

ልጅቷም ትንሽ ሳቀችና ወዲያው ፊቷን አኮሳተረች። «ጋሼ፣ ይህ ያስቃል። የሚቀጥለው ግን አያስቅም። ተቆጣጣሪው አድራሻውን አስተካክሎ ነበር። ለምን ተመልሶ ወደ እርስዎ ቤት ሄደ? ከተማው ሁሉ እርስዎን ሌባ ያለው በዚህ ነው። 'አስተካከልነው፣ ሰውዬው ግን ከቤቱ ሆኖ መልሶ ቀየረው' እያሉ ነው።»

«የጋራውን ፋይል ነዋ ያስተካከለው!» አሉ ጋሽ ቆይ በቁጣ። «ፋይሉ ሁለት ዓይነት ነው። የጋራው ለኮምፒውተሩ በጠቅላላ ነው፤ የግሉ ለተጠቃሚው ነው። ጫኚው መጀመሪያ የጋራውን ያነባል፣ ቀጥሎ የግሉን። ሁለቱ ካልተስማሙ የግሉ ያሸንፋል። እነሱ የገለበጡት የእኔን የግል ፋይል ነው። የጋራውን ሺህ ጊዜ ቢያስተካክል ምን ዋጋ አለው? ይህን ሕፃን ልጅም ያውቀዋል!»

«የትኛው ሕፃን?» አለች ልጅቷ በቀስታ።

ጋሽ ቆይ የኮታቸውን ቁልፍ ይነካኩ ጀመር።

«እኔ አላውቀውም ነበር» ብላ ቀጠለች፤ «ተቆጣጣሪው አያውቀውም፤ እኚህ የተከበሩ ሰው አያውቁትም። የትም አልተጻፈማ! እርስዎን ከክስ የሚያወጣው ሕግ ያለው ጭንቅላትዎ ውስጥ ብቻ ነው። እዚያ ደግሞ መርማሪ ገብቶ አያነብም።»

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። እኛ ሰዎች የማይገባንን ነገር ዝም ብለን አናልፈውም። ባዶውን ቦታ በጥርጣሬ እንሞላዋለን፤ ምክንያቱም ጥርጣሬ በነፃ ይገኛል። ጋሽ ቆይ ትርጉሙን ሳይሰጡን በቀሩ ጊዜ እኛ የራሳችንን ትርጉም ሰጠነው፤ የሰጠነው ትርጉም ደግሞ ስርቆት ሆነ። ጥፋቱ የእኛም አይደለም ማለት አልችልም፤ ግን ማን አስጀመረን?

ሽማግሌው እንዲህ በቀላሉ የሚረቱ አልነበሩም። ወገባቸውን አቀኑና ክርክሩን ከሌላ አቅጣጫ ያዙት።

«እሺ፣ ጻፍኩ እንበል። ማን ያነበዋል? ለመጀመሪያ ጊዜ ስሠራው ወፍራም ማብራሪያ ጽፌ ነበር። አንድ ሰው አልገለጠውም።»

«የት አስቀመጡት?»

«ቢሮ፣ መደርደሪያ ላይ።»

«ጋሼ፣ ክሊኒክ ውስጥ ኮምፒውተር እምቢ ያለው ሰው የእርስዎ ቢሮ መደርደሪያ ድረስ አይመጣም። ዓይኑ ያለው ፋይሉ ላይ ነው። ማብራሪያውን እዚያው፣ ከመስመሩ በላይ እንጻፈው። ጫኚው እንዳያነበው ምልክት እናደርግበታለን፤ ሰው ግን ያነበዋል።»

«ነገ ፕሮግራሙን ስቀይረውስ? ማብራሪያው ያረጃል። ያረጀ ማብራሪያ ከሌለው የባሰ ነው፤ ሰውን እያሳሳቀ ገደል ይከተዋል።»

እውነት ለመናገር ይህ ጥሩ መከራከሪያ መሰለኝ። ልጅቷም አላጣጣለችውም።

«በዚህ እስማማለሁ» አለች። «ስለዚህ ሁለቱን አንለያቸው። መስመሩን የቀየረ ሰው ማብራሪያውንም ካልቀየረ ለውጡ ተቀባይነት እንዳያገኝ እናድርግ። እርስዎም ቢሆኑ።»

«እኔም ብሆን?»

«እርስዎም ቢሆኑ።»

ጋሽ ቆይ ጉልበታቸውን በመዳፋቸው አሻሹ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የተናገሩት ነገር፣ እንደሚመስለኝ፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ ሆዳቸው ውስጥ የነበረው ነው። «ሁሉን ጽፌ ስጨርስ እኔ ለምን እፈለጋለሁ? ያ ሥራ አስኪያጅ ጽሑፉን በአንድ እጁ ይቀበለኛል፤ በሌላው በሩን ያሳየኛል። አንቺ ልጅ ነሽ፤ ይህን አታውቂውም። ሰው የሚከበረው እስከሚያስፈልግ ድረስ ነው።»

«አያደርገውም ብዬ አልምልልዎትም» አለች፤ እጇን ክንዳቸው ላይ አደረገች። «ግን ይመልከቱት ጋሼ። ስላልጻፉ ከመባረር ዳኑ? አሁን በሩን እያሳዩዎት ያሉት ባልጻፉት ነገር ነው። ይኸውልዎት፣ ሁሉም ይፈልጉዎታል፤ አንድ ሰው ግን አያምንዎትም። ይህ ነው ክብር?»

ይህ ንግግር ከበዳቸው። አንገታቸውን ደፉ። እኔም ያለ መነጽር ያለውን ፊታቸውን አየሁትና አዘንኩላቸው፤ ጥርጣሬዬ ግን ገና ሙሉ በሙሉ አልለቀቀኝም ነበር። ደህና ተናጋሪ ሌባም ሞልቷል።

«ከየት እንጀምር?» አሉ በመጨረሻ።

ልጅቷ ለእያንዳንዱ መስመር መልስ የምትፈልግላቸው ጥያቄዎች ነበሯት፤ ምን ይሠራል፣ ባይጻፍ ምን ይሆናል፣ ማን ቢቀይረው ይሻላል፣ ለምን ተጨመረ። ሽማግሌው ይናገራሉ፤ እሷ ትጽፋለች፤ ከዚያ ለእኔ ታነብልኛለች። «እርስዎ ሙያተኛ ስላልሆኑ ይጠቅሙናል» አለችኝ። ውዳሴ ይሁን ስድብ አልለየሁትም። ያልገባኝ ዓረፍተ ነገር ሲኖር ጋሽ ቆይ ይናደዳሉ፣ እሷ ግን እንደገና ትጽፈዋለች። ስለ ምንጩ መስመር፣ «ይህ አድራሻ የጸሐፊው ቤት ነው፤ አትገልብጡት፤ ካልጻፋችሁት ጫኚው ራሱ ወደ ኩባንያው ማከማቻ ይሄዳል» ተባለ። ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ ከፋይሉ አናት፣ የጋራውና የግሉ ሲጋጩ ማን እንደሚያሸንፍ ተጻፈ። ለእኔ እንኳ አንዴ ሲነበብልኝ ገባኝ።

እንዲህ እያሉ ወደ መጨረሻው ተጠጉ። «አሮጌውን አቆይ፣ ይላል» አለች።

«አዲሱ ተጭኖ እስኪያልቅ አሮጌውን እንዳያጠፋ ነው።»

«ለምን ተጨመረ?»

«ለ… ለደህንነት ሲባል ብለሽ ጻፊ።»

«ለየትኛው ደህንነት?»

«ጻፊው ዝም ብለሽ! እንዲህ ሲባል ያምራል።»

«እውነት ነው ወይ ጋሼ?»

ፊታቸውን ወደ በሩ አዞሩ። እኔም ወንበሩ ላይ ተቁነጠነጥሁ። ነገሩ እዚህ ጋ ነው የተደበቀው ብዬ ጆሮዬን አቀናሁ። እሳቸው ግን እያፈሩ፣ «ረስቼዋለሁ» አሉ። «ምን እንደሚሠራ አውቃለሁ። ለምን እንዳስገባሁት ግን ጠፍቶብኛል። የገዛ ሥራዬ ጠፍቶብኛል። ይህን ልትጽፊው ነው? ለነዚያ ሰዎች?»

«እጽፈዋለሁ። 'ለምን እንዳስገባሁት አላስታውስም፤ ሳይመረመር አይነካ፤ የሚያውቅ ካለ ይጨምርበት።' በስምዎ።»

«መሳቂያ ታደርጊኛለሽ።»

«ምናልባት» አለች፤ ጻፈችውም። ባለሙያዋ መነጽራቸውን አመጣችላቸው። ጋሽ ቆይ ከሁሉ በፊት ያነበቡት ያችን መስመር ነበር። ደጋግመው አነበቧት፤ አጥፊው ግን አላሉም።

በማግስቱ ጠዋት ከቤተ መጻሕፍቱ አንድ ኮምፒውተር አስይዤ ስብሰባው ላይ ተገኘሁ። መርማሪዋ ፊታቸው የማይፈታ ሴት ናቸው፤ የቀረበላቸውን ውሃ እንኳ በብርሃን አይተው ነው የጠጡት። ማብራሪያውን ከዳር እስከ ዳር ካነበቡ በኋላ ፋይሉን ገፋ አደረጉትና፣ «ይህ የተጻፈው ትናንት ነው» አሉ። «የጻፈችው ደግሞ የተጠርጣሪው የእህት ልጅ። ለምን ብዬ አምናለሁ?»

«አይመኑን» አለች ልጅቷ። «እኛ እጃችንን አጣጥፈን እንቀመጥ፤ እርስዎ እንደተጻፈው ያድርጉት። እውነት ካልሆነ ወዲያው ይታያል።»

መርማሪዋ በሕይወታቸው እንዲህ ያለ መልስ የገጠማቸው አልመሰለኝም። ከቤተ መጻሕፍታችን ኮምፒውተር ፊት ተቀመጡ። ከግሉ ፋይል የምንጩን መስመር ራሳቸው አጠፉ፤ ጫኚውን አስነሡት። ኮምፒውተሩ ከኩባንያው ማከማቻ አመጣ። መስመሩን መለሱት፤ ወደ ጋሽ ቆይ ቤት ሄደ። ተቆጣጣሪው የሚወጣውንና የሚገባውን አብሯቸው ይመለከት ነበር። ወደዚያ ቤት የሚሄደው የሚፈለገው ፕሮግራም ስም ብቻ ሆኖ ተገኘ፤ የአንባቢ ስም የለ፣ ሌላም የለ። ሲጨርስ ጢጥ ጢጥ አለ። መርማሪዋ ደንግጠው ማብራሪያውን አዩና፣ «እንቅልፍ ነው» ብለው ለራሳቸው አጉተመተሙ። ከዚያ በኋላ አንዴም ቢሆን ጋሽ ቆይን አልጠየቁም። የሚያስፈልጋቸው ሁሉ ፊታቸው ነበር።

ሥራ አስኪያጁ ነገሩ እየተቃና መምጣቱን ሲያይ፣ «እንግዲህ ሁሉም ከተጻፈ መልካም ነው፤ ከእንግዲህ በአንድ ሰው ላይ አንንጠለጠልም» አለ። የሽማግሌው ትከሻ ወረደ። የፈሩት ቃል ይህ ነበርና።

መርማሪዋ ግን የሰሙትም አይመስሉም። ጣታቸው አንድ መስመር ላይ ቆሟል። «'ለምን እንዳስገባሁት አላስታውስም' የሚለውን ማን ነው ያለው?»

«እኔ ነኝ» አሉ ጋሽ ቆይ።

«ስንት የምርመራ ሰነድ አንብቤአለሁ። ሰው ሁሉ ሁሉን ያውቃል፤ ሁሉን ለደህንነት ሲል ነው ያደረገው። አላስታውስም ብሎ በገዛ ስሙ ያስጻፈ ሰው ሲያጋጥመኝ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ሌላውን ሁሉ መርምሬ ነው ያመንኩት፤ ይህን ግን ሳልመረምር አመንኩት።» ወደ ተሰበሰበው ሰው ዞሩ። «የሚያውቅ ካለ ይጨምርበት ይላል። የሚያውቅ አለ?»

ከኋላ የክሊኒኩ ቴክኒሻን እጁን ግማሽ ድረስ አነሣ። ትናንት ወሬውን ካዛመቱት አንዱ ነበርና አንገቱን ሰብሮ ነበር የተናገረው።

«እኔ ነኝ መስመሩን ያስጨመርኳቸው። ክሊኒካችን መብራት እየሄደ ጭነቱ መሐል ላይ ይቋረጥ ነበር። አሮጌው ጠፍቶ አዲሱም ሳይገባ የመድኃኒት ማዘዣው ፕሮግራም ባዶ ይሆንብናል፤ በሽተኛ ቆሞ ይጠብቃል። ጋሼን ለመንኳቸው። በበዓል ቀን ከቤታቸው መጥተው ነው ያስተካከሉልኝ። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን ተቋርጦብን አያውቅም። እሳቸው ረስተውታል እንጂ እኔ… እኔም ረስቼው ነበር፤ እንዲህ ተጽፎ ሳየው ነው ትዝ ያለኝ።»

ሥራ አስኪያጁ ማስታወሻ የሚጽፍ መስሎ አቀረቀረ። ጋሽ ቆይ መነጽራቸውን አወለቁና ዓይናቸውን ጠረጉ፤ ከዚያ ኮምፒውተሩን ወደ ራሳቸው ስበው የቴክኒሻኑን ቃል በገዛ እጃቸው ከመስመሩ በላይ ጻፉት። ክሱ በዚያው ቀረ።

ጥቅሙን ሳልዘረዝር ብቀር ልማዴ አይለቀኝም። ከዚያ ወዲህ በቤተ መጻሕፍታችን ጸጥታ ሰፍኗል፤ ቴክኒሻናችን ስልክ ከመደወሉ በፊት ከመስመሩ በላይ ያለውን ያነባል፤ አብዛኛውን ጊዜም ስልኩን መልሶ ያስቀምጣል። አዲስ ሰው ሲቀጠር የሌላውን ፋይል አይገለብጥም፤ የሚያስፈልገውን እያወቀ ይመርጣል። አንድ መስመር የሚቀየር እንደሆነ ለምን እንደተቀየረ አብሮ ይጻፋል፤ ያልታወቀ ነገር ካለም አልታወቀም ተብሎ ይጻፋል፤ የሚያውቀው ሰው ከየትም ብቅ ይላል። ሥራ አስኪያጁም ጋሽ ቆይን አላሰናበተም፤ ጥገናውን ሌሎች ስለተረከቧቸው እሳቸው በጥገና ብዛት አቋርጠውት የነበረውን አዲስ ሥራ ይዘዋል። ሰው መታመን ከፈለገ የሚያውቀውን ይጻፍ፤ የማያውቀውንም ይጻፍ። እኔ በዚህ ጉዳይ ጠርጣሪ ሆኜ ገብቼ አማኝ ሆኜ የወጣሁ ሰው ነኝ።

ያን ዕለት ከስብሰባው ስንወጣ አጎትና የእህት ልጅ ከፊቴ ደረጃውን ይወርዱ ነበር።

«ትናንት ለደህንነት ብለሽ ጽፈሽልኝ ቢሆን ኖሮ ዛሬ አልቆልኝ ነበር» አሉ ሽማግሌው።

«ላያልቅም ይችል ነበር። መርማሪዋ ሌላውን ሞክረው አይተዋል፤ በነፃ ሊለቁዎት ይችሉ ነበር።»

«ታዲያ ለምን እንደዚያ ተሟገትሽኝ?»

ልጅቷ ደረጃው ላይ ቆመች። «ምክንያቱም እኔ አላምንዎትም ነበር ጋሼ። እሳቸው ቢለቁዎትም፣ እኔ ዕድሜ ልኬን እጠረጥርዎት ነበር።»

ጋሽ ቆይ ኮምፒውተሯን ከብብቷ ተቀብለው ያዙላትና አብረው ወረዱ።